ቤቷን ልታመጣ የሄደችው ልጅ

ከልጆች ጋር እሠራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሙያዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው መንገድ ላይ የልብስ ስፌት ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጁስ ቤቱን በር ቀና ብላችሁ ካያችሁ ከእኔ እጅ የወጣ ፊደል አታጡም። ኋላ ላይ ግን ሁሉም ሰው ወደ ባነር ዞረ። በኮምፒውተር ተሠርቶ ወዲያው ታትሞ የሚወጣውን ትቶ ብሩሽ ይዞ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው የሚፈልግ ጠፋ። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ስንከራተት ነው ጉለሌ ውስጥ ያለ አንድ አጸደ ሕፃናት ግድግዳው ላይ እንስሳት እንድስል የጠራኝ።

ቀጭኔውን ስጨርስ ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ጽጌ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ዘሪሁን፣ ልጆቹ አንተን ሲያዩ መክሰሳቸውን ረስተዋል። ለምን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣህ ስዕል አታሠራልኝም?»

«እኔ እኮ ማስተማር አልችልም፣ እትዬ ጽጌ።»

«ማን አስተምር አለህ? አብረሃቸው ተቀመጥ።»

ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ለጊዜው ነበር የገባሁት። አንድ ጓደኛዬ ማተሚያ ቤት ሊያስቀጥረኝ ቃል ገብቶልኝ ስለነበር እሱ እስኪደውል ድረስ ጫጫታውን ችዬ መቆየት ነበር ሐሳቤ።

በዚያ ዓመት ለወላጆች ቀን ልጆቹ በጋራ አንድ ትልቅ ስዕል እንዲሠሩ ወይዘሮ ጽጌ ወሰኑ። የአዳራሹን ወለል ከጫፍ ጫፍ የሚሸፍን አቡጀዲ ተገዛ። ርእሱ «ሰፈራችን» ተባለ። መንገዱን፣ ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን ቤት የትም ይሁን የት ያስገባል። ቀለም አለ፣ ኮላ አለ፣ የሸማኔ ልጆች ከቤታቸው ያመጡት የክር ቁርጥራጭ አለ። ወይዘሮ ጽጌ ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ የትልቅ ሰው እጅ ስዕሉ ላይ እንዳያርፍ።

ይህ ሕግ ያበግነኝ ነበር። ዓይኔ ቀጥ ያለ መስመር የለመደ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሚኒባሱን ወንዝ ውስጥ ይከቱታል፣ ዶሮዋን ከቤተ ክርስቲያኑ አስበልጠው ይስሏታል። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ መልሱን እስከ መጨረሻው አልሰማም። «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያልኩ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ከልጆቹ መሃል ቃልኪዳን የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቃልዬ ነው የምንላት። አባቷ ጴጥሮስ ሸማኔ ነው፤ እናቷ አስቴር ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። አስቴርን ከድሮም አውቃታለሁ፤ ከምትሸጥበት አጠገብ ያለውን ሱቅ ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤታቸው ከትምህርት ቤታችን ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ዳር ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እነሱም ሄደው ከአዲሱ ገበያ በላይ ቤት ተከራዩ። ቃልዬን ግን ትምህርት ቤት አልቀየሩላትም። እናቷ ጠዋት በታክሲ ይዛት ትመጣለች፣ ወደ ማታ ይዛት ትመለሳለች። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል። ልጆቹ አቡጀዲው ዙሪያ ተንበርክከው ይሠራሉ፣ እኔ ጥግ ላይ ቀለም እበጠብጣለሁ። ቃልዬ ወንዙ ዳር አረንጓዴ በር ያለው ቤት እየቀባች ነው። አጠገቧ ያለው ናቲ ብሩሹን አስቀምጦ ያያታል።

«እዛ ጋ ቤት የለም» አላት።

«አለ። የኛ ቤት ነው።»

«የለም! በአባቴ መኪና ሄደን አይቻለሁ። አጥር ብቻ ነው ያለው። ሊሠራ ነው፣ መብራት ነው የሚተከልበት። ቤታችሁ ፈርሷል።»

«አልፈረሰም! እማዬ እንመለሳለን ብላኛለች።»

«ካለ አምጪው!»

«አመጣዋለሁ!»

ቤት እንዴት ተደርጎ ነው የሚመጣው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። «በቃ፣ በቃ፣ አትጣሉ» አልኳቸውና ቀለሜን መበጥበጤን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ የዕረፍት ደወል ተደወለና ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ግቢው ወጡ።

በዕረፍቱ ሰዓት የውሃ ቦቴ መጣ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ሁላችንም ደስ አለን። ጥበቃው ጋሽ በቀለ ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፍተው መኪናው ወደ ኋላ ሲገባ «ና፣ ና፣ ግራ ያዝ» እያሉ ያስገቡት ነበር። ልጆቹ ከዕረፍት ተመልሰው ሲቀመጡ አንዷ አስተማሪ «ቃልዬስ?» አለች።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። መጸዳጃ ቤት ታየ። ኩሽና ታየ። ከዥዋዥዌው ጀርባ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ክፍል፣ ከጠረጴዛ ሥር ታየ። ከዚያ የወይዘሮ ጽጌ ድምፅ ተቀየረ።

«ጋሽ በቀለ! ልጅ ወጥቷል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ጋሽ በቀለ። ወዲያው ዓይናቸው ቦቴው ላይ አረፈ። ቀጥሎ በሩ ላይ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትርምስ ነው። ለአስቴር ተደወለ። አከራዮቻቸው ጋ ተደወለ፤ «እዚህ አልመጣችም» አሉ። አስተማሪዎቹ ግማሹ ወደ ታክሲ ተራው፣ ግማሹ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ሮጡ። ሁሉም ልጅቷ ወይ ወደ እናቷ ወይ ወደ ቤቷ ሄዳለች ብሎ ነው ያሰበው። ወይዘሮ ጽጌ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ነጠላቸውን እየለበሱ «አንተ ከልጆቹ ጋር ሁን» አሉኝ።

«እኔም ልፈልግ እንጂ!»

«ማን ይሁንልኝ ታዲያ? እባክህ ዘሪሁን።»

ኩሽና ውስጥ ካለችው ከአስናቀች በቀር ከእኔ ጋር የቀረ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ሙሉ ልጅ ነው። የትልልቅ ሰዎች ፊት ስላስፈራቸው አንዱ ማልቀስ ሲጀምር ሌላው ይከተለዋል። ምን እንደማደርጋቸው አላወቅሁም። የማውቀው ስዕሉን ብቻ ነበርና «ኑ፣ እዚህ ተቀመጡ» ብዬ ጠርቻቸው አቡጀዲው ዳር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እየተንፏቀቁ መጥተው ከበቡኝ።

ውጭ የአስቴር ድምፅ ተሰማ። «ልጄን የት አደረጋችኋት? ልጄን አምጡልኝ!» ጋሽ በቀለ የሆነ ነገር ሊሏት ይሞክራሉ። 

ያኔ ሊዲያ የምትባለው ልጅ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ቲቸር፣ ቃልዬን ነው የሚፈልጓት?»

«አዎ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ለምን? እሷ እኮ ትመጣለች።»

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከቤቷ። ቤቷን ልታመጣ ነው የሄደችው።»

እንደ ልማዴ «እሺ፣ ጎበዝ» ብዬ ላልፈው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤቷ ተደውሏል፣ የለችም። ግን ሊዲያ ስትናገር ጣቷን አየሁት። ጣቷ አቡጀዲው ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀው አረንጓዴ በር ላይ ነበር።

ወደ በሩ ጎንበስ አልኩ።

«ይሄኛውን ቤት?»

«አዎ። ናቲ አምጪው ስላላት።»

ናቲ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔ አይደለሁም!»

«አልተቆጣሁህም ናቲዬ። ማንም አይቆጣህም። ምን እንዳለችህ ብቻ ንገረኝ።»

«ሮጬ አመጣዋለሁ አለች።»

«መንገዱን ታውቀዋለች?»

ሁሉም በአንድ ላይ መለሱልኝ። እንዴት አታውቀውም! በየቀኑ ትመጣበት የነበረ መንገድ ነው። እነሱም ያውቁታል። አንዱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ ሌላዋ ተቀበለችው። በጁስ ቤቱ ታልፎ ደረጃው ይወረዳል። ከዚያ ዶሮዋ ጋ ይታጠፋል።

«የቷ ዶሮ?»

«ይቺ!» አሉኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የምትበልጠዋን ዶሮ እያሳዩኝ። «እንቁላል ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው! ትልቋ!»

ከዶሮዋ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ውሻ የሚጮህበት ግቢ ታልፎ፣ ወንዙ ዳር ይደረሳል። የልጅ ጭረት ነው እያልኩ ስንቀው የከረምኩት ነገር ፊቴ ላይ መንገድ ሆኖ ተዘረጋ። ከወንዙ ዳር ደግሞ ቃልዬ የሠራችው ወደ አንድ ጎን የተጋደመ ዛፍ አለ፤ አረንጓዴው በር ከዛፉ ሥር ነው።

«አስናቀች!» ብዬ ጮህኩ። «ከልጆቹ ጋር ሁኚልኝ!»

አስቴርን በሩ ላይ አገኘኋት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል።

«የድሮው ቤታችሁ ነው የሄደችው» አልኳት።

«የቱ የድሮው ቤት? እዛ ምን አለና?»

«እሷ አለ ብላ ነው የምታስበው።»

አስቴር አንድ አፍታ ፈዝዛ አየችኝ። ከዚያ ቁልቁል መሮጥ ጀመረች። ተከተልኳት።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ከእንጦጦ ተንደርድሮ የሚመጣውን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በደቂቃ ውስጥ ደረጃው ፏፏቴ ሆነ። አንዲት በቆሎ ጠባሽ ከሸራ ሥር ሆና «ዩኒፎርም የለበሰች ትንሽ ልጅ አይተሻል?» ስንላት «አንዲት ብቻዋን ወርዳለች፣ ከፊት ሰው ያለ መስሎኝ» አለችን። አስቴር «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያለች ትሮጣለች። ዶሮዋ ጋ ደረስን። ግራ ታጠፍን። የውሻው ግቢም ተነስቶ ኖሮ በሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በቆርቆሮ ታጥሯል።

የቆርቆሮው በር ላይ አንድ ጥበቃ የዝናብ ልብስ ለብሶ ቆሟል።

«ልጅ ገብታለች?» አልኩት።

«ኧረ እዚህ ልጅ አይገባም። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ በር አልተነቃነቅሁም።»

አስቴር አልሰማችውም። በጎኑ ሾልካ ገባች። «እህቴ! አይቻልም!» እያለ ሲከተላት እኔም ገባሁ።

ውስጡ ሜዳ ነው። ግድግዳ የለ፣ መንገድ የለ፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ቀይ ጭቃ ብቻ። ከታች በወንዙ በኩል ረጅም ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ተደርድረዋል። አንድ እስካቫተር በሰንሰለት እያነሳ ቱቦዎቹን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል። አስቴር መሃል ላይ ቆማ ዙሪያዋን ዞረች። አንዴ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወደ ግራ ሄደች።

«የት ጋ ነበር?» አለች። «ቤቴ የት ጋ ነበር? ጠፋብኝ እኮ!»

ቃልዬን የወለደችበትንና ያሳደገችበትን ቤት ቦታ አጣችው።  ስዕሉን አሰብኩት።

«አስቴር፣ አጠገባችሁ የተጋደመ ዛፍ ነበር?»

«ወይራው!» አለች።

ሁለታችንም አንድ ላይ አየነው። እንዳይቆረጥ ተብሎ ይሆናል፣ በዙሪያው ቀይና ነጭ ፕላስቲክ ታስሮበት ብቻውን ቆሟል። ከሥሩ ግን ማንም የለም። ከዛፉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቱቦዎቹ ናቸው የተጋደሙት።

«ቃልዬ! ቃልዬ!»

የዝናቡና የሞተሩ ድምፅ ጩኸታችንን ይውጠዋል። አስቴር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደግማ ተጣራች። ትንሽ ጋብ ሲል ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደተነገረ የሚያስተጋባ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«እማዬ?»

ከቱቦዎቹ አንዱ ውስጥ ናት። ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እስካቫተሩ ደግሞ አንዱን ቱቦ አውርዶ ወደሚቀጥለው እጁን እያዞረ ነው። ሰንሰለት የሚያስረው ሠራተኛ የቱቦውን ወገብ ጠምጥሞ ለማንሳት ምልክት ሊሰጥ ቆሟል፣ ኦፕሬተሩ መስኮቱን ዘግቷል። ሮጥኩ። ጭቃው እግሬን ያዘኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ያን ጊዜ ያ «አይቻልም» ሲለን የነበረው ጥበቃ በአጠገቤ አልፎ ሮጠ። ፊሽካውን እየነፋ ሄዶ ከእስካቫተሩ ፊት ለፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አቁም! ሰው አለ! አቁም!»

ሞተሩ ጸጥ አለ።

እኔና አስቴር እየጎነበስን እያንዳንዱን ቱቦ አየን። የታሰረው ባዶ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ውስጥ ቃልዬ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከቆርቆሮው ሥር ሾልካ ሳይሆን አይቀርም ያለፈችው፤ ዝናብ ሽሽት ነው እዚህ የገባችው። ፀጉሯ ከግንባሯ ተጣብቋል፣ አንድ ጫማዋ የለም። እናቷን ስታይ አላለቀሰችም። ከትክክለኛ ቦታው የሸሸ ነገር ስትፈልግ እንደቆየች ሁሉ ግንባሯን ቋጥራለች።

«እማዬ፣ ቤታችንን የት አደረጉት?»

አስቴር ጎትታ አወጣቻትና ደረቷ ላይ ለጥፋት ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ትቆጣታለች፣ ትመታታለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አስቴር ግን የልጇን ጀርባ ታሽ ነበር። ጥበቃውና ሠራተኞቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ቃልዬ፣ ስሚኝ። ቤታችን ፈርሷል።»

«ናቲም እንደዛ አለ። አንቺ ግን እንመለሳለን ብለሻል።»

«አዎ ብያለሁ። እንዳታለቅሺብኝ ብዬ ነው። የፈረሰ ቀን አክስትሽ ጋ የወሰድንሽ እንዳታዪው ነው። ልጅ ናት፣ አይገባትም አልን። አባትሽም እኔም ቆመን አይተነዋል። አባትሽ አልቅሷል።»

«አባዬ?»

«አዎ። እኔም አልቅሻለሁ። ቤታችን እዚህ ነበር፣ ከወይራው ሥር። አሁን የለም። አንመለስም። ግን እኔ አለሁ፣ አባትሽ አለ፣ አብረን ነን።»

ቃልዬ ዛፉን አየችው። መሬቱን አየችው። ከዚያ ገና ያን ጊዜ አፏን ከፍታ አለቀሰች። የልጅ ኩርፊያ አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ለሞተበት ሰው የሚያለቅሰው ዓይነት ነበር። አስቴር «ዝም በይ» አላለቻትም። አብራት አለቀሰች።

እኔ ፊቴን አዞርኩ። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር እዚህ ልንገራችሁ። እናቴ የሞተችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የሞተች ቀን ጎረቤት ወስደው ከረሜላ ሰጡኝ። «ለጠበል ሄዳለች፣ ትመጣለች» አሉኝ። መሞቷን የሰማሁት ኳስ ስንጫወት ከተጣላሁት ልጅ ነው፤ «እናትህ እኮ ሞታለች» አለኝ። እኔም እንደ ቃልዬ «አልሞተችም» ብዬ ተከራከርኩ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ማንንም አልጠየቅሁም፣ የነገረኝም የለም። እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ አስቴር ለልጇ እውነቱን ስትነግራት ስሰማ ያ ከረሜላ ትዝ አለኝ።

ቃልዬን ተራ በተራ አዝለን ዳገቱን ወጣን። ወይዘሮ ጽጌ በሩ ላይ ጠብቀው አቀፏት። ጋሽ በቀለ ጥግ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ። ልጆቹ ግን ቃልዬን ሲያዩ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አመጣሽው?»

«ፈርሷል» አለች ቃልዬ። «እማዬም አልቅሳለች።»

ናቲ ሄዶ የራሱን ብርቱካን አምጥቶ ሰጣት።

አመሻሽ ላይ አባቷ ጴጥሮስ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እንደሚቆጣ ጠብቀን ነበር፣ ቢቆጣም መብቱ ነው። «ስዕሉን አሳዩኝ» ብቻ አለ። ጫማውን አውልቆ አቡጀዲው ዳር ተንበረከከ። አረንጓዴውን በር ብዙ ቆይቶ አየው።

«መስኮቱን ረስተሻል» አላት ልጁን በቀስታ። «በዚህ በኩል ነበር። የምሸምንበት ደግሞ እዚህ ጋ፣ ብርሃኑ ሥር።»

«እግርህን የምታስገባበት ጉድጓድስ?»

«እሱም እዚህ።» ከዚያ ቀና ብሎ ወይዘሮ ጽጌን አየ። «እትዬ፣ አንድ መስመር ብቻ ብሠራ ያስቀይማል?»

ወይዘሮ ጽጌ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩ። «ሥራ ልጄ» አሉት። «ከእሷ ጋር ሥራ።»

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተንበርክከው የሸማ መሥሪያውን ሠሩ። እሱ ከኪሱ ክር አውጥቶ ሰጣት፣ እሷ ኮላ ቀባች። ወሬው ተሰማና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያ ሰፈር የተነሱ ሌሎች ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። «የኛ ከእናንተ በላይ ነበር»፣ «አይ፣ መሃል ላይ የቦኖ ውሃው አለ» እየተባባሉ፣ አንዳንዴም እየሳቁ ከልጆቻቸው ጋር ሠሩ። ልጆቹ ብዙ ጠየቁ። ጎረቤቶቻችን የት ሄዱ? ድመቷስ? አሁን የት ናቸው? ወላጆቹ የሚያውቁትን መለሱ። የማያውቁትን «አላውቅም» አሉ።

ናቲ ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት በቤቶቹ መሃል የመብራት ምሰሶዎች ተከለ። በወላጆች ቀን አንድ እንግዳ ስዕሉ ፊት ቆመው «እነዚህ መብራቶች አዲስ የሚተከሉት አይደሉም እንዴ? ቤቶቹ ደግሞ ፈርሰዋል። እንዴት አንድ ላይ ሆኑ?» ብለው ጠየቁት።

ናቲ ጥያቄው ገረመው። «መብራት ከሌለ በማታ ቤታቸውን እንዴት ያገኙታል?» አላቸው።

ጓደኛዬ ከማተሚያ ቤቱ ደውሎልኝ ነበር። አመስግኜ እዚሁ ቀረሁ። አሁን ከሕፃናት ጋር መሥራትን በማታ ክፍለ ጊዜ እየተማርኩ ነው። ቀጥ ያለ መስመር አሁንም እወዳለሁ፤ ግን አንድ ልጅ ጭረቱን ሲያሳየኝ ብሩሼን አስቀምጬ መሬት እቀመጣለሁ፣ ተናግሮ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። እናንተም ቤታችሁ ልጅ ካለ፣ ከባድ ነገር ደርሶባችሁ «አይገባውም» ብላችሁ ያለፋችሁት ከሆነ፣ ልጁ ሲፈልገው እንደሚኖር አስቡ። ብቻውን ሲፈልግ የት እንደሚደርስ እኔ አይቻለሁ። አስቴር ምንም የተለየ ቃል አልተናገረችም። የሆነውን ነገር ነገረቻት፣ አቅፋት ቆየች፣ በቃ።

ለእኔም የቀረ ጉዳይ ነበረኝ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ አንድ እሑድ ቀጨኔ ወደምትኖረው ወዳሳደገችኝ አክስቴ ሄድኩ። አርጅታለች፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ከጎኗ ተቀመጥኩና ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ እናቴ የሞተች ቀን ምን ነበር የሆነው?»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። ያስከፋኋት መስሎኝ ነበር።

«እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችኝ።

«እናንተ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልጅ ነህ ብለን ነዋ።» እጄን ወስዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «የዚያን ዕለት ጠዋት ደኅና ነበረች። ፀሐይ ላይ አስቀምጣህ በገዛ እጇ ፀጉርህን አስተካከለችህ» ብላ ጀመረች።